ስሙ የተፋቀ ጊታር፦ የት እና መቼ እንደተሠራ የፈለግኩበት የሰባት ሳምንት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት

ጋሼ ጊታሩን ይዘው የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሣጥን የለውም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። በ1983 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ከሚያበድር ሱቅ በ60 ዶላር ገዙት። ጥቂት ዓመት ተጫውተውበታል፤ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ ወዲህ ግን ከአልጋ ሥር አልወጣም። አሁን የልጅ ልጃቸው ጊታር መማር ስለጀመረች ሊሰጧት አስበዋል። «ድምፁን መልስልኝ። ደግሞ የት አገር፣ በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ንገረኝ፤ ልጅቷ ስትጠይቀኝ አላውቅም ማለት አልፈልግም» አሉኝ።

ምንም ሳልፈታ ያየሁትን ልጻፍ። ቅርጹ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ሌስ ፖል የሚለው ሞዴል ነው። ቀለሙ መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር ቡናማ። የጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት) ጫፍ እንደተገለጠ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል፤ ይህም የጊብሰን ቅርጽ ነው። የንግድ ስሙ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም፤ አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል። አንገቱ እንደ ጊብሰን በሙጫ አልተጣበቀም፤ በአራት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ የሚያልፉበት ላሜራ ላይ በእንግሊዝኛ «ስቲል አጀስተብል ኔክ» እና «ጃፓን» የሚል ጽሑፍ አለ። መለያ ቁጥር የለም። ክብደቱ 3.1 ኪሎ፤ ለሌስ ፖል በጣም ቀላል ነው። ከአራቱ መቆጣጠሪያዎች አንዱ ሞቷል፤ የአንዱ ጉብ (በጣት የሚዞረው ክዳን) ተሰንጥቋል።

በዚያው ምሽት ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ ይህ አይባኔዝ ነው፤ 1976 ወይም 77፤ ጊብሰን ከከሰሳቸው ጊታሮች አንዱ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው» አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ይህን መናገር አልነበረብኝም።

(በዚህ ማስታወሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በቀር፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

2ኛ ሳምንት

ሳምንቱን ሙሉ የተናገርኩትን ሳርም ከረምኩ።

በመጀመሪያ ስለ ክሱ። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በሰኔ 1977 ፊላደልፊያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሰው ኤልገር የተባለውን የጃፓኑ አይባኔዝ አሜሪካዊ አከፋፋይ ነው። የክሱ ጭብጥ የጊታሩ ራስ ቅርጽ ነበር። ጉዳዩ በ1978 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ አይባኔዝ ደግሞ ክሱ ከመቅረቡ በፊት የጊታሮቹን ራስ ቅርጽ ቀይሮ ነበር። አንድ ክስ፣ አንድ ተከሳሽ። ዛሬ ግን በ1970ዎቹ ጃፓን የተሠራ ቅጂ ሁሉ «የክሱ ጊታር» እየተባለ ዋጋው ይቆለላል። እኔም ያንኑ ወሬ ለአንድ አዛውንት አቀበልኩ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ገና እየፈለግክ ነው ማለት ነው፤ ደህና» አሉኝ።

ቀጥሎ የስሙ ጉዳይ። ራሱ ላይ የተጻፈው ስም ሠሪውን አይነግርም። አይባኔዝ የናጎያው የሆሺኖ ጋኪ የንግድ ስም ነው። ሆሺኖ ያዛል፣ ይነድፋል፣ ይሸጣል፤ የ1970ዎቹን ኤሌክትሪክ ጊታሮች በብዛት የሠራለት ግን በ1960 የተቋቋመው፣ በናጋኖ ግዛት ማትሱሞቶ ከተማ ያለው ፉጂጌን ነው። እዚያው ማትሱሞቶ ውስጥ ማትሱሞኩ የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነበረ። በ1951 እንጨት ሥራ ጀምሮ የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ሲሠራ የኖረ ነው፤ በኋላ ጊታር ውስጥ ገባ፣ በ1987 ተዘጋ። ማትሱሞኩ ለናጎያው አራይ ድርጅት አሪያን ሠርቷል፤ «አሪያ» ራሱ «አራይ» የሚለው ስም ፊደሎቹ ተቀያይረው የወጣ ነው። ዩኒቮክስ፣ ኤሌክትራ፣ ቫንቴጅ፣ ዌስቶን የሚሉ ስሞችም ከዚሁ ፋብሪካ ወጥተዋል። የቶኪዮው ካንዳ ሾካይ ግሬኮ የሚለውን ስሙን በሁለቱም ፋብሪካዎች አሠርቷል። ያማሃ፣ ካዋይና ቶካይ ደግሞ ማትሱሞቶ ሳይሆኑ ሐማማትሱ ናቸው። ቴይስኮ በ1946 ቶኪዮ ተነሥቶ በ1967 በካዋይ ተገዛ፤ ስለዚህ ያንኑ ስም የያዙ ሁለት ጊታሮች የሁለት ቤት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሙ ቢኖር ኖሮ እንኳ ግማሽ መልስ ነበር። ይህን ሳውቅ በተፋቀው ስም ማዘኔን ተውኩ።

መለያ ቁጥር ቢኖረው ግን እመኝ ነበር። አይባኔዝ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ፊደልና ስድስት አኃዝ ይመታል፤ ፊደሉ ወሩ ነው (ኤ ጥር፣ ቢ የካቲት እያለ እስከ ኤል ታኅሣሥ)፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። በእኛ ላይ ምንም የለም። ያ በር ተዘጋ፤ የቀረኝ እንጨቱና ብረቱ ነው።

3ኛ ሳምንት

አንገቱን ፈታሁ። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ ወጡ፤ አራተኛው ላይ ካቻቢቴው ተንሸራቶ የመስቀሉን ቅርጽ በላው።

ምክንያቱን ለሌላ ሰው እንዲጠቅም እጽፋለሁ። የጃፓን የመስቀል ብሎን የአሜሪካው ፊሊፕስ አይደለም። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ የጃፓኑ ደረጃ፣ ጂስ የሚሉት፣ ማዕዘኑና የጫፉ ስፋት ይለያል። የፊሊፕስ ካቻቢቴ እስከ ታች ሳይደርስ ይቆምና ጫና ሲበዛበት ይዘላል። አንዳንድ የጂስ ብሎን ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለበት፤ የእኛዎቹ ላይ ነጥቧ ነበረች፤ ያየኋት ግን ካበላሸሁ በኋላ ነው። የጂስ ካቻቢቴዎች 18 ዶላር ገዛሁ። በትክክለኛው ካቻቢቴ፣ በብዙ ጫና፣ በጣም በዝግታ ስዞር አራተኛውም ወጣ። ብሎኑን አልጣልኩትም፤ ተጎድቶም ቢሆን ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከውስጥ የታየው ይህ ነው። አንገቱ ከሦስት የሜፕል ቁራጮች ተጣብቆ የተሠራ ነው። የአካሉ ላይኛ ፊት እንደ ቅስት የተጎበጠው ተፈልፍሎ ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ተጨምቆ ነው፤ ከሥሩም ባዶ ቦታ አለ። ክብደቱ ለምን እንደቀለለ አሁን ገባኝ። ይህ አሠራር በ1970ዎቹ የጃፓን ርካሽ ቅጂዎች ላይ የተለመደ ነው። አንገቱ በብሎን መታሰሩ፣ ፊቱ ኮምፔንሳቶ መሆኑና የጊታሩ ራስ ቅርጽ አንድ ላይ ሲታዩ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ አጋማሽ ወዳለው ጊዜ ይጠቁማሉ።

ፒካፖቹን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን) ከላይ ሳያቸው ሁለት የሽቦ ጥቅል ያላቸው፣ ሀምበከር የሚባሉት ይመስላሉ። ሽፋኑን ነቅዬ አላየሁም፤ በሜትር ስለካቸውና ድምፃቸውን ስሰማ ግን በሀምበከር ሽፋን ውስጥ አንድ ጥቅል ብቻ እንዳለ ተረዳሁ። ይህም የዚያ ዘመን ልማድ ነው።

በአንገቱ ተረከዝ፣ ላሜራው በሚደብቀው በኩል፣ በእርሳስ «49.11» ተጽፏል። የዕጣ ቁጥር ወይም የሠራተኛ ቁጥር ይሆናል ብዬ ፎቶ አንሥቼ አለፍኩ።

4ኛ ሳምንት

የመቆጣጠሪያዎቹን ክፍል ከፈትኩ። የጥርስ ሐኪም መስታወት 7 ዶላር፤ ይህን ሥራ ያለ እሱ አትጀምሩት።

ከአራቱ ፖቶች (ከጉቦቹ ሥር ሆነው ድምፁን የሚቆጣጠሩት ዕቃዎች) ሦስቱ ትንንሽ ናቸው፤ በጀርባቸው «ኤ500ኬ» ከሚለው በቀር ዘመን የሚናገር ነገር የላቸውም። አራተኛው ትልቅ ነው፤ ጀርባው ላይ 1377918 ተመትቷል። ይህን ቁጥር አንብቤ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የአሜሪካ አምራቾች ቁጥር እንዲህ ይነበባል፦ 137 ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ፣ 79 ዓመቱ፣ 18 ሳምንቱ። 1979፣ በ18ኛው ሳምንት፣ ግንቦት መግቢያ ላይ። በደብተሬ ላይ «1979» ብዬ በትልቁ ጽፌ አከበብኩት።

ሁለት ቀን እንደዚያ አምኜ ቆየሁ። ያነቃኝ የተሰነጠቀው ጉብ ነው። የተሰነጠቀው የዚህ የአሜሪካው ፖት ጉብ ነው። በካሊፐር ለካሁ፦ የጃፓኖቹ ዘንግ 6 ሚሊሜትር፣ የአሜሪካው 6.35። ጉቡ ለ6 ሚሊሜትር የተሠራ ነው፤ በግድ ሲገፉት ተሰነጠቀ። የእንጨቱን ቀዳዳ በመስታወቱ ሳየው ደግሞ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፤ አራተኛው በእጅ ተሞርዶ የሰፋ ነው፣ ዳሩ ተሰነጣጥቋል። የተበየደበትም ቦታ ከሌሎቹ ይለያል፤ ያብረቀርቃል፣ ድፍርስርስ ያለ ነው። ፖቱ በኋላ የተቀየረ ነው። የነገረኝ ጊታሩ መቼ እንደተሠራ ሳይሆን መቼ እንደታመመ ነው፦ ከግንቦት 1979 በኋላ፣ ጋሼ ከመግዛታቸው ከ1983 በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ከፍቶ ጠግኖታል።

«1979»ን ሰረዝኩት። ፖት፣ ፒካፕ፣ መቃኛ፣ ሁሉም የሚቀየር ዕቃ ነው። በፋብሪካው የገባ ፖት እንኳ ቢሆን ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት አልተገጣጠመም ከማለት ያለፈ አይመሰክርም። አንድ ቁጥር ባገኘሁ ቁጥር ፍለጋውን የማቆም ፈተና ይገጥመኛል፤ ይህን በራሴ ላይ አየሁ።

የሞተው ከጃፓኖቹ አንዱ ነው። በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ (17 ዶላር) አጥቤው አልተመለሰም። ባለ 6 ሚሊሜትር ዘንግ አዲስ ፖት 5 ዶላር። ሌሎቹ ሁለቱ ታጥበው ድምፃቸው ጠራ።

በመሐል፣ ለሌላ ሰው

አንድ ወዳጄ አይባኔዙን አመጣልኝ፤ አርጂ550 ነው። መለያ ቁጥሩ በኤፍ84 ይጀምርና አራት አኃዝ ይከተላል። በድሮው ደንብ ኤፍ ሰኔ ነው፣ 84 ዓመቱ፤ ሰኔ 1984 ይሆናል። ከ1987 ገደማ ወዲህ ባለው ደንብ ደግሞ ኤፍ ፉጂጌን ነው፣ 8 ዓመቱ 1988፣ የቀሩት አምስቱ አኃዞች የምርት ተራ። የአኃዙ ብዛት በሁለቱም እኩል ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። የፈረደው ሞዴሉ ነው፤ አርጂ550 የወጣው በ1987 ስለሆነ 1984 ሊሆን አይችልም። 1988፣ ፉጂጌን፣ ማትሱሞቶ። በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ይኸው ወዳጄ አሪያ ፕሮ ቱም አለው፤ «ጃፓን ነው» ብሎ ነው የገዛው። አንገቱ ጀርባ ላይ የተላጠ ተለጣፊ ምልክት አለ፤ ጎን ለጎን ብርሃን ሳበራበት «ኮሪያ» የሚለው ቃል ጥላው ቀርቷል። የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ታስቦ ከተደረገው ከ1985ቱ የፕላዛ ስምምነት በኋላ የጃፓኑ ገንዘብ የን ሲወደድ አንድ ዶላር ከ240 የን ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 150 ወረደ፤ የጃፓን ስሞች ርካሽ ጊታሮቻቸውን ወደ ኮሪያ ፋብሪካዎች አዛወሩ። ማትሱሞኩ የተዘጋውም በዚያው ወቅት ነው። ጊታሩ መጥፎ አይደለም፤ ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ግን የጃፓን ነበር።

5ኛ ሳምንት

አልትራቫዮሌት መብራት፣ 15 ዶላር። ክፍሉን አጨልሜ ጊታሩን ከራሱ እስከ እግሩ አየሁት። ናይትሮሴሉሎስ ቬርኒሽ በዚህ መብራት ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል፤ ይህ አያበራም፣ ስለዚህ ቀለሙ የፖሊስተር ዓይነት ነው። የተፋቀው ስም ጥላ ይወጣል ብዬ ነበር፤ አልወጣም። ፍቆቱ ጥልቅ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሚያውቁኝ አንድ የቀድሞ ሙዚቀኛ ቤት ሄድኩ። ኤፒፎን ኢኤ-250 አላቸው፤ ሆዱ ክፍት የሆነ የ1970ዎቹ ጊታር። በውስጡ ያለው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ካላማዙ፣ ሚሺጋን የሚል አድራሻ አለ፤ እዚያው ላይ «ሜድ ኢን ጃፓን» ይላል። ሠሪው ማትሱሞኩ ነው። የኤፒፎን ባለቤት ያው የጊብሰን ባለቤት ኖርሊን ነበር፤ ፊላደልፊያ ላይ የጃፓንን ጊታር የከሰሰው ድርጅት በዚያው ዘመን የራሱን ጊታሮች ማትሱሞቶ ያሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን ለባለቤቱ ስነግራቸው ወረቀቱን በመነጽር ደጋግመው አነበቡት።

ሁለቱን ጊታሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። የአንገቱ ላሜራ አንድ ነው፤ ጽሑፉም፣ የፊደሎቹ ርቀትም። ላሜራው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ዓይነት ጊታር ላይ ተገጥሟል። የተረከዙ አቆራረጥ ግን አንድ ነው። አንገቱ በሁለቱም ላይ ከሦስት የሜፕል ቁራጭ ነው፤ የመሐለኛው ቁራጭ ስፋት ሲለካ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። መቃኛዎቹ አንድ ናቸው። አንድ ምልክት ቢመሳሰል አላምንም ነበር፤ አራቱ ሲገጥሙ በደብተሬ ላይ «ማትሱሞኩ፣ ማትሱሞቶ» ብዬ ጻፍኩ። በእርሳስ ነው የጻፍኩት።

የት የሚለው ተመለሰ። መቼ የሚለው ግን እንደ አኮርዲዮን ይሰፋል ይጠባል፤ ከ1972 እስከ 1977 መሐል የትም ሊሆን ይችላል።

6ኛ ሳምንት

ይህን ሳምንት የፈታው ጋሼ ናቸው።

ቡና ልጠጣ ብለው መጡ። እስካሁን የደረስኩበትን ነገርኳቸው፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «49.11» ያለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ቀን አይደለም?»

«49 ዓመተ ምሕረት ጊታር ሊሆን አይችልም ጋሼ፤ በ1949 እንዲህ ያለ ጊታር አልነበረም።»

«በፈረንጅ ነው እንጂ የምትቆጥረው። እነሱ እንደኛ የራሳቸው ዘመን የላቸውም?»

አላቸው። አሥራ ሦስት ወር በሚቆጥር አገር ተወልጄ፣ ልደቴን ሁለት ጊዜ እየጻፍኩ ያደግኩ ሰው፣ ሌላ ሕዝብም በራሱ ዘመን ይቆጥራል ብዬ አላሰብኩም። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ። የሂሮሂቶ ዘመን ሾዋ ይባላል፤ ሾዋ 1 ማለት 1926 ነው፣ ስለዚህ በሾዋው ዓመት ላይ 1925 ይደመራል። 49 ሲደመር 1925፣ 1974። 11 ደግሞ ኅዳር የምንለው የፈረንጆቹ ኖቬምበር።

ከአራተኛው ሳምንት ስህተት በኋላ ወዲያው ማመን አልፈለግኩም። ቁጥሩ በእርግጥ ቀን ከሆነ ሌላ ቦታም መገኘት አለበት፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውም ከ12 መብለጥ የለበትም። እስካሁን ያልከፈትኩት የፒካፖቹን ጉድጓድ ብቻ ነበር። ጋሼ ፋኖሱን ያዙልኝ፤ የአንገቱን ፒካፕ አነሣሁ። በጉድጓዱ ወለል ላይ፣ በዚያው ዓይነት ወፍራም እርሳስ፣ «49.12»።

አንገቱ በኖቬምበር፣ አካሉ በዲሴምበር። ሁለቱም የዕጣ ቁጥር ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በተከታታይ ወር መግጠማቸው፣ 1974 ደግሞ ከኮምፔንሳቶው፣ ከአንድ ጥቅሉ ፒካፕና ከራሱ ቅርጽ ጋር መስማማቱ አሳመነኝ። በደብተሬ ላይ ያለውን በቢክ ደገምኩት።

ጋሼ ወሩን በእኛ አሰሉት። ኖቬምበር 1974፣ በእኛ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ቀን 1967። ስኒያቸውን አስቀመጡ። በዚያ ወር ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ አዲስ አበባ ነበሩ። ስልሳዎቹ የተገደሉበት ኅዳር ነው። ብዙ አልተናገሩም፤ «እኛ ሬዲዮ ላይ ጆሯችንን ደግነን ሳለ፣ አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ይህን አንገት ያለሰልስ ነበር» ብለው ተረከዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሌላ ቡና ጠየቁ።

7ኛ ሳምንት

መልሶ ማገጣጠም። አዲሱ ፖት ገባ። የአሜሪካውን ፖት አላወጣሁትም፤ ይሠራል፣ የጊታሩም ታሪክ አካል ሆኗል። የተሰነጠቀውን ጉብ በሙጫ አጣበቅኩት፣ ውስጡን በቀጭን ክብ ሞረድ ትንሽ አሰፋሁት። የተፋቀው ራስ ላይ ስም አልለጥፍም፤ የፋብሪካው ሥራ ያልሆነ ስም መለጠፍ ቀጣዩን ሰው ማሳሳት ነው።

በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈውን ዘንግ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፤ አንድ ቀን ጠብቄ እንደገና ጥቂት። ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) በላይ የክሩ ከፍታ ከ3 ወደ 2 ሚሊሜትር ወረደ፤ ለልጅ ጣት ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች በልተዋል፤ ለአሁኑ ይበቃሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን መነካት አለባቸው።

ወጪ፦ ካቻቢቴ 18፣ መስታወት 7፣ ማጽጃ ፈሳሽ 17፣ ፖት 5፣ መብራት 15፣ ክር 8። በድምሩ 70 ዶላር። ከጋሼ የተቀበልኩት የፖቱንና የክሩን 13 ዶላር ብቻ ነው፤ ሌላው መሣሪያ እኔ ጋር ይቀራል።

የመቆጣጠሪያውን ክፍል ከመዝጋቴ በፊት ትንሽ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ውስጡ አኖርኩ። ጽሑፉን ያስጻፉኝ ጋሼ ናቸው፦ «ማትሱሞቶ፣ ጃፓን። አንገት ሾዋ 49.11፣ አካል 49.12። 1974። ኅዳርና ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.። አንድ ፖት ከ1979 በኋላ አሜሪካ ተቀይሯል።» ከሥሩ የልጅ ልጃቸውን ስም ጻፉበት። ክዳኑን በጂስ ካቻቢቴ አሠርኩት፤ የተጎዳው አራተኛ ብሎንም በቦታው አለ።